የይሁዳ ሁለተኛ ዓይን

ድሬዳዋ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ትዘጋለች። ሱቆቹ መዝጊያቸውን ይጥላሉ፣ ባጃጆቹ የከዚራ ሰፈርን ዛፎች ጥላ ተሻምተው ይቆማሉ፣ ሰዉም ምሳውን በልቶ በየቤቱ ጨለማ ውስጥ ጋደም ይላል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አስፋልቱ ላይ ከፀሐይ በቀር የሚመላለስ የለም። መክብብ የሚሠራው በዚህ ሰዓት ነበር። የአባቱ ክፍል የእንጨት መስኮቶች ሙቀቱን እንዲከለክሉ ጥርቅም ብለው ይዘጋሉ፣ በስንጥቃቸው የሚገባው ብርሃን እንደ ክር ቀጥኖ ወለሉ ላይ ይጋደማል፣ እሱም ትንሿን የባትሪ መብራት ጠረጴዛው ላይ አብርቶ፣ እርጥብ ጥጥ በወረንጦ ይዞ፣ አባቱ ያበላሸውን ወረቀት ያድናል።

"አበላሸ" የሚለው ቃል የእሱ ነው። አባቱ አቶ ንጋቱ ዕድሜውን ሙሉ በምድር ባቡር የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። ግሪኮቹና አርመኖቹ፣ ፈረንሳዮቹም፣ ከተማዋን እየለቀቁ ሲሄዱ ሌላው ሰው ቁም ሣጥንና አልጋ ሲሻማ፣ እሱ ግድግዳቸው ላይ የቀሩትን ሥዕሎች ይለምናቸው ነበር፤ ሦስት መቶና አራት መቶ ዓመት የሆናቸው፣ የጥንት የፈረንጅ ሊቃውንት በመዳብ ሰሌዳ ላይ በብረት ጫፍ ጭረው በጥቁር ቀለም ያተሟቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች። ቃየል አቤልን ሲገድል። የዮሴፍ ወንድሞች ሲሸጡት። ሄሮድስ ሕፃናቱን ሲያስፈጅ። በአርባ ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰበሰበ፤ በሠላሳ አንዱም ላይ፣ ገና እንዳገኛቸው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የካኪ ወረቀት እየቆረጠ፣ በዱቄት ሙጫ ለጠፈባቸው።

ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። አቶ ንጋቱ በልጅነቱ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሥር ቀለም እየበጠበጠ ያደገ ሰው ነው። በዚያ ትምህርት ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው መልሶ በሁለት ዓይኖቹ ያያል፤ ክፉ ግን ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል፣ የሚጸልይ ሰው ከሙሉ ዓይኑ ጋር እንዳይገጣጠም። ፈረንጆቹ ይህን ሕግ አያውቁትም። የእነሱ ሄሮድስ ፊት ለፊት ያፈጣል፣ የእነሱ ቃየል ሁለት ዓይን አለው። አባቱ አንድ በአንድ አረማቸው፤ ከየክፉው ሰው አንዳንድ ዓይን ሸፈነ።

መክብብ አሥራ አንድ ዓመት አውሮፓ ተቀምጦ አሮጌ ወረቀት ማከም ሲማር ቆይቶ፣ ለአባቱ ቀብር አንድ ሳምንት ዘግይቶ ነበር የደረሰው። ትምህርቱን አለመጨረሱን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እናቱ ወይዘሮ እማዋይሽ ለጎረቤቱ ሁሉ "ዶክተሩ ልጄ" ትላለች፤ እሱም አያርማትም። አሁን የቀረችው አንዲት መንገድ ነበረች፦ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሙዚየም ሥዕሎቹን ለማየት ተስማምቷል፤ ሠላሳ አንዱም ንጹሕና ሙሉ ሆነው ከተገኙ በአባቱ ስም አንድ ክፍል ይሰጣቸዋል፣ እሱም ጠባቂያቸው ይሆናል። ካልሆነ አሥራ አንዱ ዓመት የት እንደገባ ለእናቱ የሚያሳያት አንድ ነገር የለውም።

"የዛሬ ወር፣ ሐሙስ እመጣለሁ" ብላዋለች ባለሙያዋ ዶክተር ሶስና በስልክ፣ እንደ ቸኮለ ሰው። "አንድም የተለጠፈ ነገር እንዳላይ። ካየሁ እዚያው አነሳዋለሁ፤ አመሌ ነው፣ እጄ አያርፍም።"

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ በሙሉ ንዴት ነበር። መሣሪያዎቹን የያዘው ሻንጣ መንገድ ላይ ቀርቶ በየቀኑ "ነገ" ይባላል። የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ለወረቀት አይሆንም፤ ጋራዥ እየሄደ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ በጀሪካን ይገዛል፤ ጋራዡም አንዳንድ ቀን የለውም። መብራት ይጠፋል። ነፋሱ ከአሸዋማው ወንዝ አቧራ አንሥቶ በተዘጋ መስኮት ያስገባዋል። የአባቱ ሙጫ ደግሞ እንደ ሰውዬው ግትር ነበር፤ አንዷን የካኪ ቁራጭ ዓይኑን ሳይጎዱ ለማንሣት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የኮመጠጠው የዱቄት ሽታዋ ሸሚዙ ውስጥ ገብቶ በታጠበም ጊዜ አይለቅም።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ከተማዋ ስትነቃ፣ ጋሽ አብዶሽ ይመጣሉ። የአባቱ የካርታ ጓደኛ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፤ ወዳጃቸው ከሞተ በኋላም መምጣቱን አልተዉም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መክብብን ያጫውቱታል።

"አቦ መክብብ፣ ዛሬ ስንት አጠብክ?"

"ሁለት፣ ጋሽ አብዶሽ።"

"ሁለት! አሥራ አንድ ዓመት ፈረንጅ አገር ወረቀት ማጠብ ተምረህ፣ በቀን ሁለት። የእኔ ሚስት ምንም ሳትማር በቀን አራት ምንጣፍ ታጥባለች።"

"ምንጣፉ አራት መቶ ዓመት ከሆነው ያምጡት፣ እኔ አጥበዋለሁ።"

"ቤታችን ውስጥ ያን ያህል ያረጀ ነገር እሷ ብቻ ናት።" ሳቁ። ከዚያ በተከፈተው በር አሻግረው፣ ለመድረቅ የተሰጣውን ቃየልን አዩትና ሳቃቸው ቆመ። "የንጋቱን ነገር አነሣህበት?"

"ቆሻሻውን ነው ያነሣሁት።"

ሽማግሌው ወንበራቸውን ጎተት አድርገው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ። "ሙጫ ሲያበስል አንድ ቀን ሳቅሁበት" አሉ። "አንድ ቀን ብቻ።"

"ምን አለዎት?"

"'ካርታውን በትን' አለኝ።"

ቃየል የመጀመሪያው ነበር። ካኪው ሲነሣ ከሥሩ የወጣው ዓይን ከቀሪው ሥዕል ይልቅ ጠቁሮ፣ ትናንት የታተመ ይመስል ርሶ አበራ፤ መክብብ አልገረመውም፤ ፀሐይ ያላገኘው ቀለም አይደበዝዝም። ትንሽ ያሳሰበው አቅጣጫው ነበር። የቀኙ ዓይን የወደቀውን ወንድሙን ያያል። የተሸፈነው የግራው ግን አቤልን አያይም፣ ሰማዩንም አያይም፤ ወረቀቱን ተሻግሮ፣ መብራቱን ተሻግሮ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ያያል። ሊቁ እጁ ስቶ ይሆናል አለ መክብብ በልቡ፣ በደብተሩም እንዲሁ ብሎ ጻፈ። በሄሮድስም ላይ ይህንኑ ጻፈ። በስድስተኛውና በሰባተኛው ላይ፣ በሌላ አገር በሌላ መቶ ዓመት በሌላ ሰው እጅ በተቀረጹት ላይ፣ መጻፉን ተወ።

ድምፁም የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። በቀትሩ ጸጥታ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ከሙቀት የተነሣ መንጣጣቱን ሲያቆምና ከሩቅ የሚሰማው የመስጊድ ጥሪ ሲያበቃ፣ አንዲት ትንሽ ደረቅ ድምፅ ትሰማለች፤ ጥብቅ ብሎ የያዘ ወረቀት ከሙጫው ሲላቀቅ የሚያሰማት ዓይነት። መጀመሪያ ከተሰጡት ሥዕሎች አንዱ እየተኮማተረ መሰለው፤ ተነሥቶ በየተራ ዳሰሳቸው፤ ሁሉም እንደ ድንጋይ ተኝተዋል። ወደ ወንበሩ ሲመለስ እንደገና ሰማት። ቅርብ ነበረች። አይጥ ናት ብሎ እናቱን ወጥመድ አለሽ ወይ ቢላት፣ ድስቱን እያማሰለች፣ ሳትዞር፣ "እዚህ ቤት አይጥ ከገባ ሠላሳ ዓመቱ ነው" አለችው።

ሳትዞር። ይህን ልብ ያለው በማግሥቱ ነው። ምሳ ስታቀርብለት ሳህኑን በጎን አስቀመጠች፣ ራሷም በጎን ተቀመጠች፤ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዓይን፣ ያም ዓይን ግድግዳው ላይ የተተከለ። ሲያናግራት ትመልሳለች፣ ድምፅዋም የእናት ድምፅ ነው፤ ፊቷ ግን አይመለስም። ተቆጥታ ይሆናል አለ። ከዚያ የጋራዡ ሰው ጀሪካኑን ወደ ኋላው ዘርግቶ ሰጠው። የሚያውቀው የባጃጅ ነጂ ሲሳፈርለት መስተዋቱን በመዳፉ ገፍቶ ወደ ጣሪያው አዞረው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሻማ የምትሸጠው ሴትዮ ሻማውን ሰጥታው ነጠላዋን በአንድ በኩል ፊቷ ላይ ጣለች። ሰሙ ማለት ነው፣ አለ መክብብ ጆሮው እስኪግል ድረስ፤ ዲፕሎማ የሌለው ዶክተር መሆኔን ሰሙ፣ አፈሩብኝ። ይህ ሐሳብ ከማንኛውም ነገር ይልቅ አናደደው። በንዴቱም ፈጠነ፤ በቀን ሁለት የነበረው ሦስት ሆነ።

ሃያ ሰባተኛውን ሲጨርስ አቤል ጎኑን ሰጥቶ አገኘው።

አቤል በጀርባው ወድቆ ፊቱን ወደ ላይ የመለሰ ልጅ ነበር፤ መክብብ በቃሉ እስኪይዘው ድረስ ያውቀዋል፤ ሁለት የተከፈቱ ዓይኖች፣ አንዱ ላይ የመዳቡ ጭረት ያለበት። አሁን ጉንጩ ብቻ ነው የሚታየው፣ የቀረውን ወደ አፈሩ ቀብሮታል። ከመጀመሩ በፊት በስልኩ ያነሣውን ፎቶ አወጣ። ፎቶው ላይም አቤል ጎኑን ሰጥቷል። የቤተ ልሔም እናቶች በሙሉ ጀርባቸውን አዙረዋል፤ ፎቷቸውም እንዲሁ ይላል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ዮሴፍ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደፍቷል፤ ፎቶውም ደፍቷል። ወረቀቱና ፎቶው ተስማምተው እሱን ውሸታም አደረጉት። በአባቱ ትምህርት ጎኑን የሚሰጥ ክፉ ነው፤ ታዲያ ጻድቃኑ ሁሉ እየከፉ ነው ማለት ነው? እናቱስ? ራሱን ነቀነቀ፤ ሙቀት ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው አለ፤ ያቺ ደረቅ ድምፅም ሁለት ጊዜ ተከታትላ ተሰማች።

ማክሰኞ ጋሽ አብዶሽ በረንዳው ላይ በጎን ተቀምጠው ካርታ ሲጫወቱ ትዕግሥቱ አለቀ።

"ጋሽ አብዶሽ፣ ለምንድነው የማያዩኝ?"

"አቦ ፀሐዩ ነው።"

"ፀሐዩ ከጀርባዎ ነው።"

ሽማግሌው ካርታቸውን ሰበሰቡ። "አባትህ ቢኖር እሱ ያውቅበት ነበር" አሉ ለበረንዳው ምሰሶ። "እናትህን አታስቸግራት። ደግ ሴት ናት፤ የሚቻላትን እያደረገች ነው።" ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ግድግዳውን ታክከው፣ በጎን እየተራመዱ ወጡ።

ረቡዕ የቀረው አንድ ነበር፤ ከሁሉም ትልቁ፣ ይሁዳ ጌታውን ሲስም። ችቦ፣ ጦር፣ የወይራ ዛፎች፣ የተጨናነቀ ሕዝብ፤ በመካከሉም ከንፈሩን ለመሳም አሹሎ፣ ፊቱን ግን ወደ ተመልካች የመለሰ ጠባብ ሰው፣ ግራ ዓይኑ ላይ ካኪ የተለጠፈበት። መክብብ ጥጡን አሳርፎ ጠበቀ። ቁራጯ በቀላሉ ተነሣች፤ ከሥሯ ሌላ ቁራጭ ነበር። ከሁለተኛው ሥር ሦስተኛ፣ ከሦስተኛው ሥር አራተኛ፤ አባቱ በየዓመቱ በላዩ ላይ ሲለጥፍበት ኖሯል። ወደ መጀመሪያዋ ተመለሰና በጣቱ ዳሰሳት። ሙጫዋ ለስላሳ ነው፤ አሸተታት፤ የኮመጠጠ ሳይሆን ትኩስ የስንዴ ዱቄት ሸተተው። አባቱ ከሞተ አራት ወር ሆኖታል።

ወረቀቷን በወረንጦ እንደያዘ ወደ ጓዳ ገባ። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ የመጣበትን ቀድማ ያወቀች ይመስል።

"ይሄን አንቺ ነሽ የለጠፍሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"እማዬ፣ እኔ ቀን ከሌት የምለፋው አንቺ ከኋላዬ እንድታበላሺብኝ ነው? ነገ እኮ ነው ዶክተሯ የምትመጣው።"

"ሠላሳውን አነሣህ፣ ዝም አልኩህ። የተማረ ልጄ ነው፣ ያውቃል አልኩ።" ድምፅዋ አልተነሣም። "ይሄን አንዱን ብቻ ተውልኝ።"

"አንዱ ከቀረ ሁሉም ቀረ። ምን ይዘህ መጣህ ብትዪኝ ምን አሳይሻለሁ?"

"ምን ይዘህ መጣህ ብዬህ አውቃለሁ?"

ይበልጥ ተናደደና ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋው። የጓዳው እሳት ሲቀጣጠል፣ ውሃም ድስት ውስጥ ሲንቆረቆር ሰማ፤ ምሳ መስሎት አላሰበበትም።

ሠላሳ ሁለት ቁራጭ አነሣ። ከተማዋ ተኝታለች፤ በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው የብርሃን ክር ወለሉን አቋርጦ እግሩ ሥር ደርሷል፤ ክፍሉ እርጥብ ወረቀትና የጋለ ብረት ይሸታል፣ ጥንት አባቱ ከባቡር ግቢ ሲመለስ ልብሱ ይሸት እንደነበረው። የመጨረሻዋን ከመያዙ በፊት ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ማጉያ መነጽሩን አስተካከለ፣ ጫፏን ቆንጥጦ በቀስታ ወደ ላይ ሳባት፤ ያቺም ድምፅ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትከተለው የኖረችው፣ ይህን ጊዜ ረጅምና ጥርት ብላ ተሰማች።

ከሥሯ ምንም አልነበረም። የተፋቀ አይደለም፣ የደበዘዘም አይደለም፤ ዓይኑ በሚኖርበት ቦታ ነጭ ወረቀት ነበር፣ የመዳቡ ሰሌዳ እዚያ ላይ ብረት ነክቶት የማያውቅ ይመስል ለስላሳ። የቁራጯን ጀርባ አየ፤ ቀለም አልተጣበቀበትም። ጥጡን አየ፤ ንጹሕ ነው። ጠረጴዛውን፣ ወለሉን፣ የሸሚዙን እጅጌ አየ። ከዚያ የቀሩትን ሠላሳውን ገለበጣቸው፤ ቃየል፣ ሄሮድስ፣ የዮሴፍ ወንድሞች፤ የገለጣቸው ዓይኖች ሁሉ ነጭ ነበሩ። ነገ ሴትዮዋ ትመጣለች፤ ፍቀህ አጠፋሃቸው ትለዋለች፤ ደግሞም ትክክል ናት፤ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ዓይኖቹን ጨፈነ፤ ያቺ ደረቅ ድምፅ ተሰማች። ገለጠ፤ ተሰማች። እንደገና ጨፈነ፣ ገለጠ። ከየት እንደምትመጣ ያን ጊዜ አወቀ፦ ከገዛ ግራ ዓይኑ።

በአባቱ አልጋ ላይ በጀርባው ተጋደመ። እንቅልፍ እንደ ጆንያ ወደቀበት።

የነቃው ቅዝቃዜ ተሰምቶት ነው። ግራ የዓይን ሽፋኑ ላይ እርጥብ ጣት እየዞረ ነበር፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ትኩስ ዱቄት እየሸተተ።

"አትነቃነቅ" አለችው እናቱ በለሆሳስ፣ ልጅ ሳለ ትኩሳት ሲይዘው እንደምታናግረው። "እንዳትገልጠው፤ ገና አልደረቀም። አንተ ወንድ ልጅ አይደለህ? ጎበዝ። አለቀ፣ አለቀ።"

ቀኝ ዓይኑን ገለጠ። የዓለም ግማሹ ጨለማ ነበር። በቀረው ግማሽ ውስጥ፣ በርጩማዋን አልጋው አጠገብ አስጠግታ፣ ካኪ የተቆረጠበትን መቀስ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እናቱ ተቀምጣለች፤ ፊቷንም ወደ እሱ መልሳ፣ ፊት ለፊት፣ እንባ ባቀረሩ ሁለት ዓይኖቿ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትክ ብላ ታየዋለች። ጀርባዋ ላይ ጠረጴዛው ይታያል፤ አቤልም ፊቱን መልሷል፣ የቤተ ልሔም እናቶችም መልሰዋል፤ ሁሉም ጸጥ ብለው ወደ አልጋው ያያሉ። ክፉ ሆነው አልነበረም ጎናቸውን የሰጡት፤ ከእሱ ዓይን ጋር እንዳይገጣጠሙ ነበር።

"እንኳን ደህና መጣህልኝ፣ ልጄ" አለች ግንባሩን እየሳመች። "አሁን መጣህልኝ።"

ሊመልስላት ፈልጎ ነበር። ነገር ግን በካኪው ሥር፣ በጨለማው በኩል ያለው፣ እንደ እሱ አልተናደደም፣ አልቸኮለምም፤ አርባ ዓመት በሙጫ ሥር መጠበቅን የለመደ ነበርና፣ የእናቱን እጅ በመክብብ እጅ ይዞ ፈገግ አለላት፣ በልቡም ቆጠረ፦ ነገ ሐሙስ ነው፤ ዶክተር ሶስና ትመጣለች፤ እሷ ደግሞ የተለጠፈ ነገር ካየች እጇ አያርፍም።